ስምና ቅርጽ፦ በፈጣን የኔትዎርክ ፕሮግራሞች ውስጥ ላይብረሪን ስለ ማገናኘትና ያለ ግልባጭ ስለሚሠራ ሜሞሪ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእስ በሥራችን ላይ ብዙ ጊዜ ከሚያባክኑብን ችግሮች አንዱን የሚመለከት ነው። ይኸውም የኔትዎርክ ትራፊክን በከፍተኛ ፍጥነት ተቀብለው የሚመረምሩ፣ የሚመዘግቡ ወይም የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞች ከላይብረሪዎቻቸው ጋር በትክክል ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ ወይም ያለ ግልባጭ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ ሲበላሽባቸው፣ የጉድለቱ ምንጭ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ እንመለከታቸዋለን። የማገናኘቱ ጉዳይ ፕሮግራሙን በማሽን ላይ ለሚተክለው ሰው፣ የሜሞሪው ጉዳይ ደግሞ ፕሮግራሙን ለሚጽፈው ሰው ይተዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ ብርቱ ገመድ አለ። ፕሮግራምን ከላይብረሪ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ የሚመረምረው ስምን ብቻ ነው፤ ያለ ግልባጭ በሚሠራ ሜሞሪ በኩል የሚተላለፈው ግን ቅርጽ ነው። ስለዚህ በስሙ ትክክል የሆነ ነገር በቅርጹ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑም ይህን አይነግረንም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ግልባጭ ስለምን ተተወ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከአንዲት ስሌት እንነሣ። በኤተርኔት ደንብ መሠረት ትንሹ ፍሬም 64 ባይት ነው። በመስመሩ ላይ ሲጓዝ ከፊቱ የሚቀድመው ምልክትና ከኋላው የሚተወው ክፍተት በጠቅላላው 20 ባይት ስለሚጨምሩበት፣ የሚይዘው ቦታ 84 ባይት ወይም 672 ቢት ይሆናል። እንግዲህ በሰከንድ 10 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ በየሰከንዱ እስከ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 67.2 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። መስመሩ 100 ጊጋቢት ሲሆን ይኸው ጊዜ ወደ 6.72 ናኖ ሰከንድ ይወርዳል፤ ይህም 3 ጊጋኸርዝ ለሆነ ፕሮሰሰር ከ20 ምት እምብዛም አይበልጥም።

በተለመደው አሠራር ካርዱ ፓኬቱን በከርነሉ ሜሞሪ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከርነሉም ለፓኬቱ መግለጫ ያዘጋጅለታል፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ ደግሞ ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይገለብጥለታል። ይህ ሁሉ ከላይ በተመለከትነው ጊዜ ውስጥ ሊፈጸም እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህን ሸክም ለማቃለል የተደረገው ጥረት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በ1993 የሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ሰዎች የነበሩት ስቲቨን ማካንና ቫን ጃኮብሰን ያቀረቡት የፓኬት ማጣሪያ፣ ፕሮግራሙ የማይፈልገውን ፓኬት ገና ሳይገለበጥ በከርነሉ ውስጥ የሚያስቀር ነበር። ይህ ግልባጭን የመቀነስ እንጂ የማስወገድ ሐሳብ አልነበረም። በ2004 ሉካ ዴሪ ፒ.ኤፍ. ሪንግ የተባለውን፣ በ2012 ደግሞ ሉዊጂ ሪዞ ኔትማፕ የተባለውን ሥራ አሳወቁ። ሁለቱም በኢጣልያ አገር በፒዛ ከተማ የተወለዱ ሥራዎች ናቸው። ሪዞ በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻውን ቀደም ሲል የጠቀስነውን 14.88 ሚሊዮን ፓኬት በሰከንድ ማስተናገድ እንደሚችል አሳየ። ኢንቴል በ2010 የጀመረው ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. በ2013 ለማንም ክፍት በሆነ የጋራ ልማት ተደራጀ፤ በ2017ም ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ተዛወረ። በ2018 ደግሞ የሊኑክስ ከርነል በ4.18ኛው እትሙ ኤ.ኤፍ. ኤክስ.ዲ.ፒ. የተባለውን መንገድ ይዞ ወጣ።

እነዚህ ሥራዎች በዝርዝራቸው ይለያዩ እንጂ መሠረታዊ ሐሳባቸው አንድ ነው። ካርዱ ፓኬቱን ፕሮግራሙ ራሱ ሊያነበው በሚችል ሜሞሪ ላይ ያሳርፈዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውም ፓኬቱ ሳይሆን ፓኬቱ ያለበት አድራሻ ነው።

ይሁን እንጂ ግልባጭ ብክነት ብቻ አልነበረም። ግልባጭ የሰጪንና የተቀባይን ንብረት የሚለይ ድንበርም ነበር። ከርነሉ ገልብጦ ከሰጠ በኋላ ፕሮግራሙ በራሱ ቅጂ ላይ የፈለገውን ቢያደርግ ሌላውን አይጎዳም። ድንበሩን ስናነሣ ፍጥነት አገኘን፤ ድንበር የመጠበቁ ግዴታ ግን በእኛ ላይ ወደቀ።

ስለ ማገናኘት

በማገናኘት ረገድ ከሚያጋጥሙት ጉድለቶች የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉድለት ነው። ልማዳዊው የዩኒክስ ሊንከር የፋይሎቹን ዝርዝር ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ በማኅደር መልክ ከተዘጋጀ ላይብረሪ የሚወስደውም እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጠየቀውን ብቻ ነው። ላይብረሪው ቀድሞ ጠያቂው ቢከተል፣ ሊንከሩ «ያልተገለጸ ስም» ብሎ ይቆማል። ለምሳሌ ከፒ.ኤፍ. ሪንግ ጋር እንዲሠራ የተሻሻለው ሊብፒካፕ በውስጡ የፒ.ኤፍ. ሪንግን ተግባሮች ይጠራል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከሊብፒካፕ ማኅደር ጋር ብቻ ያገናኘ ሰው፣ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ ያልጠቀሳቸው ስሞች ጠፉ የሚል ወቀሳ ይደርሰዋል። መድኀኒቱ የፒ.ኤፍ. ሪንግን ላይብረሪ ከሊብፒካፕ ቀጥሎ ማሰለፍ ነው። ይህ ጉድለት በግልጽ ስለሚናገር ከሁሉም ይቀላል።

ሁለተኛው ፕሮግራሙ ተገናኝቶ ካለቀ በኋላ በሚነሣበት ጊዜ ላይብረሪውን ማጣቱ ነው። አዲስ ላይብረሪ ከተተከለ በኋላ የጫኙ መዝገብ ኤል.ዲ.ኮንፊግ በተባለው ትእዛዝ ካልታደሰ፣ ፋይሉ በዲስክ ላይ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ይባላል። ከዚህም የሚብስ ሁኔታ አለ። ብዙዎች የላይብረሪውን መንገድ በአካባቢ ተለዋዋጭ ያመለክታሉ፤ በሙከራ ጊዜም ይሠራላቸዋል። ፓኬት የሚይዝ ፕሮግራም ግን ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ልዩ ሥልጣን በፋይሉ ላይ በተሰጠው ጊዜ ጫኙ ለጸጥታ ሲል ያንን የመንገድ ማመልከቻ ችላ ይለዋል። ስለዚህ ያለ ሥልጣን ሲነሣ ላይብረሪውን ያገኝ የነበረ ፕሮግራም ሥልጣን ሲሰጠው ያጣዋል። የሚሻለው መንገዱን በጫኙ ደንብ ውስጥ ወይም በፕሮግራሙ በራሱ ውስጥ ማስፈር ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ድምፅ የሌለው ነው፤ የሞክሼ ጉድለት ልንለው እንችላለን። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ሊብፒካፕ ይኖራል፤ አንደኛው ከሲስተሙ ጋር የመጣው፣ ሌላው ለፍጥነት የተሻሻለው። ሁለቱም አንድ ስም አላቸው፤ ተግባሮቻቸውም አንድ ዓይነት ስም አላቸው። ፕሮግራሙ ከተራው ጋር ቢገናኝ ምንም ስሕተት አይነገርም። ይነሣል፣ ፓኬት ይቀበላል፣ ሪፖርት ያወጣል። የሚለየው ትራፊኩ ሲበዛ ፓኬት መጣሉ ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ካርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል። የትኛው ሞክሼ እንደተጠራ ለማወቅ ኤል.ዲ.ዲ. የተባለውን ትእዛዝ በፕሮግራሙ ላይ አስነሥቶ የሚታየውን መንገድ ማንበብ ይበቃ ነበር።

አራተኛው ከዚህ የረቀቀ ነው። በዲ.ፒ.ዲ.ኬ. ውስጥ የካርድ ድራይቨሮች ራሳቸውን የሚያስመዘግቡት ዋናው ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በሚሠራ አነስተኛ ተግባር አማካይነት ነው። ፕሮግራሙ ድራይቨሩን በስም አይጠራውም። ላይብረሪዎቹ በማኅደር መልክ ሲገናኙ ሊንከሩ «ይህን ማንም አልጠየቀም» ብሎ ድራይቨሩን ይተወዋል፤ ሥራውንም ያለ ስሕተት ይፈጽማል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ግን አንድም የኔትዎርክ ካርድ አላገኘሁም ይላል። ባለሙያውም ገመዱን ይነቅላል፣ ካርዱን ይለውጣል፣ የማሽኑን ቅንብር ይፈትሻል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ጉድለቱ ያለው ማኅደሩ በሙሉ እንዲገባ ለሊንከሩ ባለመታዘዙ ነው። ይህ ትእዛዝ ፓኬጅ ኮንፊግ የተባለው መሣሪያ በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ዝርዝሩን በእጅ ከመጻፍ ከእርሱ መቀበል ይሻላል።

ስለ ሜሞሪ

ወደ ሁለተኛው ክፍል ስንሻገር ነገሩን በውሰት ምሳሌ መመልከት ይቀላል። ፕሮግራሙ ሲነሣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ባፈሮች በአንድ ግምጃ ቤት ይዘጋጃሉ። ካርዱ ባዶ ባፈር ይዋሳል፤ ፓኬት ሞልቶ ለፕሮግራሙ ያስተላልፋል፤ ፕሮግራሙም ሥራውን ሲጨርስ ወደ ግምጃ ቤቱ ይመልሳል። በማናቸውም ጊዜ አንድ ባፈር አንድ ባለቤት ብቻ ሊኖረው ይገባል። ለሁለት የሚጋሩት ከሆነም የተጋሪዎቹ ቁጥር በባፈሩ ላይ ይመዘገባል። ከዚህ ሕግ መጣስ የሚመነጩት ጉድለቶች በሁለት ይከፈላሉ።

አንደኛው የተዋሱትን አለመመለስ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ባፈር ይዞ የማይለቅ ፕሮግራም አለ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን በጎን መንገድ ነው። ፓኬቱ የተበላሸ ሆኖ ሲገኝ ወይም የማይፈለግ ዓይነት ሲሆን ፕሮግራሙ ትቶት ያልፋል፤ ባፈሩን መመለስ ግን ይዘነጋል። ስሌቱን እንመልከት። በግምጃ ቤቱ 8,192 ባፈሮች አሉ እንበል፤ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ፓኬት ይመጣል፤ ከ1,000 ፓኬት የአንዱ ባፈር ሳይመለስ ይቀራል። በየሰከንዱ 1,000 ባፈር ስለሚጠፋ ግምጃ ቤቱ በ8 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ጉድለቱ ከ1 ሚሊዮን ፓኬት በአንዱ ላይ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባዶ የሚሆነው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ለግማሽ ሰዓት ተፈትኖ «ደኅና ነው» የተባለው ፕሮግራም በሥራ ቦታ ከቀትር በፊት ይቆማል።

ምርመራው የሚጀምረው ከቆጣሪዎቹ ነው። ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. ፕሮግራሙ ስላልደረሰባቸው ካርዱ የጣላቸውን ፓኬቶችና ባፈር በመታጣቱ የቀሩትን በተለያዩ ቆጣሪዎች ይይዛል። የመጀመሪያው ሲያድግ ፕሮግራሙ ዘገምተኛ ነው፤ ሁለተኛው ሲያድግ ግምጃ ቤቱ ደርቋል። ከዚህም ሌላ በግምጃ ቤቱ የቀሩትን ባፈሮች ቁጥር በየደቂቃው መመዝገብ ይገባል። ቁጥሩ ከትራፊኩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ጤናማ ነው፤ እየወረደ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የማይመልስ ተበዳሪ አለ።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ይኸውም የመለሱትን ንብረት እንደ ራስ ንብረት መጠቀም ነው። የሊብፒካፕ መመሪያ ለተጠሪው ተግባር የሚሰጠው የፓኬት አድራሻ፣ ተግባሩ ከተመለሰ በኋላ ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ያስጠነቅቃል። አድራሻውን በኋላ እጠቀምበታለሁ ብሎ ያስቀመጠ ፕሮግራም ትራፊኩ ቀላል በሆነበት ጊዜ ለብዙ ዘመን ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል፤ ባፈሩ ወዲያው ስለማይሻር ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን በዚያው ቦታ ሌላ ፓኬት ይጻፍበታል። ሜሞሪው አሁንም የፕሮግራሙ ስለሆነ ማሽኑ አይቃወምም፤ ፕሮግራሙም አይወድቅም። ውጤቱ የአንዱ ሰው አድራሻ ከሌላው ሰው መልእክት ጋር የተጋባበት መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ የጥቃት ማስረጃ ወይም የሒሳብ ማረጋገጫ ሆኖ ቢቀርብ የሚያስከትለውን በደል መገመት አያዳግትም። መድኀኒቱ ለማቆየት የምንፈልገውን ክፍል ብቻ መገልበጥ ወይም በባፈሩ የተጋሪ ቁጥር ላይ መመዝገብ ነው። ያለ ግልባጭ መሥራት ማለት ፈጽሞ አለመገልበጥ ማለት አይደለም፤ አስፈላጊ ያልሆነውን አለመገልበጥ ማለት ነው።

የሜሞሪው አዘገጃጀትም የራሱ ችግሮች አሉት። 1 ጊጋባይት ሜሞሪ በተለመደው 4 ኪሎባይት ገጽ ሲከፈል 262,144 ገጽ ይሆናል፤ በ2 ሜጋባይት ትልልቅ ገጾች ሲከፈል ግን 512 ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ አድራሻ ለመተርጐም የሚይዘው ሰንጠረዥ ጠባብ ስለሆነ ትልልቆቹ ገጾች ይመረጣሉ። እነዚህ ገጾች ግን ማሽኑ ብዙ ከሠራ በኋላ ሜሞሪው ስለሚበጣጠስ ሊታጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ገና ማሽኑ ሲነሣ ማስያዝ ይሻላል። በድንገት የወደቀ ፕሮግራምም የያዛቸውን ገጾች የሚወክሉ ፋይሎች ትቶ ሊሄድ ይችላልና፣ ቀጣዩ ፕሮግራም «ሜሞሪ አነሰኝ» ቢል በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ቅሬት ነው። ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ደግሞ ባፈሩ ካርዱ በተያያዘበት ፕሮሰሰር ዘንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ፓኬት በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ይሻገራል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ

አሁን በመግቢያዬ ወደ ጠቀስኩት ነጥብ እደርሳለሁ። ያለ ግልባጭ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ እያንዳንዱ ባፈር በራሱ ላይ መግለጫ ይይዛል፦ የፓኬቱን ርዝመት፣ የመጀመሪያውን ባይት ቦታ፣ የተጋሪዎችን ቁጥርና የመሳሰለውን። ፕሮግራሙ ርዝመቱ ከመግለጫው መጀመሪያ በስንተኛው ባይት ላይ እንደሚገኝ የሚያውቀው፣ ሲዘጋጅ ከነበረው የአርእስት ፋይል ነው። ይህ ቁጥር ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል። ላይብረሪው በአዲስ እትም ቢለወጥና የመግለጫው አሰላለፍ ቢዛወር፣ ፕሮግራሙ ርዝመት ነው ብሎ ሌላ ነገር ያነብባል። የተግባሮቹ ስም ግን ስላልተለወጠ ጫኙ አይቶ ያሳልፈዋል።

በዲ.ፒ.ዲ.ኬ. ዘንድ ነገሩን የሚያጠነክረው ሌላም ምክንያት አለ። በፈጣኑ መንገድ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ተግባሮች የመጥሪያ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል በአርእስት ፋይሉ ውስጥ ስለተጻፉ፣ የሚቀመጡት በላይብረሪው ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ላይብረሪውን ብቻ ማደስ እነርሱን አያድሳቸውም። አዘጋጆቹ ይህን በመገንዘብ በ2019 መጨረሻ ከወጣው 19.11 እትም ጀምሮ የሁለትዮሽ ቅርጹን ለተወሰነ ጊዜ ሳይለውጡ የመጠበቅ ደንብ አውጥተዋል፤ የቅርጹንም ቁጥር በላይብረሪው ፋይል ስም ላይ ያሰፍራሉ። ይህ ቅርጽን ወደ ስም የመለወጥ ዘዴ ነው፤ ስም ብቻ የሚያየው ዘበኛ የቅርጹን ልዩነት እንዲያይ ያስችለዋል። ቁጥሩ አልመሳሰል ሲል አሮጌውን ስም በአዲሱ ፋይል ላይ ለጥፎ የሚያልፍ ሰው ግን ዘበኛውን ዓይኑን እንደ ሸፈነው ይቁጠረው።

ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ሜሞሪ ሲጋሩም እንዲሁ ነው። በአንደኛው ውስጥ አንድ ተግባር ያለበት አድራሻ በሌላው ውስጥ የዚያው ተግባር አድራሻ ላይሆን ይችላል፤ በተለይም ሁለቱ ለየብቻ የተገነቡ ከሆነ። የተግባር አድራሻ በጋራ ሜሞሪ ላይ አስቀምጦ ሌላው እንዲጠራው ማድረግ በዲ.ፒ.ዲ.ኬ. መመሪያ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚተላለፈው የሥራው መለያ ቁጥር መሆን አለበት፤ ተቀባዩም ቁጥሩን አይቶ የራሱን ተግባር ይጥራ።

የምርመራ ሥርዓት

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው የምርመራ ሥርዓት የሚከተለው ነው። አስቀድመን ስሙን እንመርምር፤ ፕሮግራሙ በእርግጥ የጫነው የትኛውን ላይብረሪ፣ ከየትኛው መንገድ፣ በየትኛው እትም እንደሆነ እንይ። ይህም በሙከራ ጊዜ ሳይሆን በሚሠራበት ሥልጣንና አካባቢ ይሁን። ቀጥለን ቅርጹን እንመርምር፤ ፕሮግራሙ የተዘጋጀበት የአርእስት ፋይል፣ ላይብረሪውና በከርነሉ ውስጥ የሚገባው ክፍል የአንድ ዘመን መሆናቸውን እናረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ባለቤትነቱን እንመርምር፤ ባፈር የሚወጣበትንና የሚመለስበትን መንገድ ሁሉ፣ በተለይም የጎን መንገዶቹን፣ እንቁጠር። በመጨረሻ ስለ ፍጥነት እንነጋገር። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከፍጥነት የሚጀምር ሰው፣ ተራውን ላይብረሪ ለማፍጠን ሲደክም ይውላል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤ የሚወድቅ ፕሮግራም ቢያስቸግርም ሐቀኛ ነው፤ መውደቁን ይነግረናል። አስፈሪው ሳይወድቅ የሚሳሳተው ነው። ትራፊክ እንዲጠብቅ የተሾመ ፕሮግራም ከተራው ሞክሼ ጋር ተገናኝቶ ከፓኬቶቹ ብዙዎቹን ሳያይ ቢቀር፣ ማታ የሚያወጣው ሪፖርት «ምንም ጥቃት አልታየም» የሚል ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው፤ አላየምና። በዚህ ቃል ተማምኖ የሚያድረው ግን ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያየውን ብቻ ሳይሆን ሳያይ የቀረውንም ቆጥሮ ከሪፖርቱ አጠገብ እንዲያሰፍር ማድረግ የሙያ ግዴታችን ነው። የተጣሉ ፓኬቶች ቁጥር ያልሰፈረበት ሪፖርት ምርመራው ተጠናቀቀ ተብሎ ሊፈረምበት አይገባም።